የወይዘሮ ፕሪቻርድ ዐሥራ ሰባት ደቂቃ

ሰው በጥፋቱ ይቀጣል፤ ታምሲን የተቀጣችው በእጅ ጽሑፏ ነው።

ዐሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰች ትምህርት ቤቱና እሷ ተሰለቻችተው ተለያዩ። ከዚያ ወዲህ በታዝማኒያዋ ሆባርት ከተማ ውስጥ፣ ከወደቡ ከፍ ብላ ባለች፣ ፓይ የሚባለውን ባለ ሥጋ ቂጣ በምትጋግር አንዲት ዳቦ ቤት በሳምንት አራት ቀን ትሠራለች። በሩ ላይ የቆመውን ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ የምትጽፈው እሷ ናት። «የዛሬ ፓይ፦ የባሕር ዛጎል ሥጋ። የትናንት ፓይ፦ ባትጠይቁ ይሻላል» ብላ የጻፈች ቀን ባለቤቱ ሊያባርራት ነበር። ግን ፊደሏ ሲያምር! አላፊ አግዳሚው እየቆመ ፎቶ ያነሣል፤ ፎቶ ያነሣ ደግሞ አፍሮ አንድ ፓይ ይገዛል። ስለዚህ ዝም አላት።

ያንን ፊደል ፈርገስ አየው። አለቀላት።

ፈርገስ ሁለቱ እናቶቿ የሚሮጡበት የጌይና የሌዝቢያን ሯጮች ክበብ ጸሐፊ ነው። ሥራው ጥርስ ሐኪምነት ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያወራው አፋቸውን ከፍተው መመለስ ከማይችሉ ሰዎች ጋር ስለሆነ፣ «እምቢ» የሚባለውን ቃል ሰምቶት አያውቅም።

«ክበባችን አርባ ዓመት ሞላው» አላት ፓዩን እየገመጠ። «ታሪካችን በሰሌዳ ተጽፎ በሩጫው ሜዳ መጠለያ ላይ ይሰቀላል። አንቺ ትጽፊዋለሽ። ዐሥራ ሁለት መስመር ብቻ።»

«እኔ ሩጫ አልወድም።»

«ሩጪ አልተባልሽም።»

«ታሪክም አልወድም።»

«እናቶችሽ እሺ ብለዋል።»

እናቶቿ! እነሱማ የማይሰጡት የታምሲን ጊዜ የለም። ለጎረቤት ድመት ጠባቂነት የሰጧት እነሱ ናቸው።

ሰሌዳው መጣ። የሁዎን ጥድ ነው፤ አንድ አባል አባቱ ጋራዥ ውስጥ ደብቆ ያኖረውን አንድ ሳንቃ አውጥቶ ሰጠ። እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም፤ ቀለሙን ደግሞ እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል። አንዴ የጻፍሽበት ተጻፈ፤ አይፋቅም፣ አይሰረዝም። ፈርገስ ይህን ሦስት ጊዜ ነገራት፤ ሦስተኛው ላይ ታምሲን አፏን በሰፊው ከፍታ ቁጭ አለችለት፣ ጥርሷን ይነቅልላት ይመስል።

ዓርብ ኮሚቴው ጽሑፉን ያጸድቃል። እሑድ ሰሌዳው ይመረቃል። ሰኞ ደግሞ የክበቡ ትልቅ ሰው አባባ መርቭ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ፣ ቤቱን ሸጦ ላውንሰስተን ወደሚገኝ የአረጋውያን ማረፊያ ይሄዳል። ስለዚህ ቀጠሮ ማራዘም የለም።

ለመጀመር አንድ መዝገብ ሰጧት። የካርቶን ሽፋኑ ላይ የሻይ ክብ ታትሞበታል። በየእሑዱ የሮጠ ሁሉ ስሙንና ቅድሚያውን በገዛ እጁ የጻፈበት ነው። ቅድሚያ ማለት እንዲህ ነው፤ በዚያ ክበብ ማንም ከማንም ጋር እኩል አይነሣም። ቀርፋፋው አስቀድሞ፣ ፈጣኑ መጨረሻ ይለቀቃል። ሰዓት ያዡ የእያንዳንዱን እግር ያውቃልና «ያንተ ቅድሚያ ይህን ያህል ደቂቃ» ብሎ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጣል። ሒሳቡ ከሠመረ ሁሉም መጨረሻው መስመር ላይ ባንድ ጊዜ ይደርሳል፤ እየተጋፋ፣ እየተሰዳደበ። ከዚያ ፓይ።

ታምሲን መዝገቡን ገለጠች። አንድም ሰው እውነተኛ ስሙን አልጻፈም።

«ሊቀ ጳጳስ።» «የታክሲ ንግሥት።» «የጠፋች ላም።» አንዱማ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ስም ጽፎ ከጎኑ «ወገቡን ያመዋል» ብሎበታል። ወንድ ከወንድ ጋር ቢተኛ በታዝማኒያ ሕግ እስር ቤት የሚያስገባበት ዘመን ነበር፤ ሕጉ የተሻረው በፈረንጆቹ 1997 ነው። እና ማን ስሙን ይጽፋል? ይህ ይገባታል። ያልገባት፣ ታሪኩን ማን ጻፊ እንዳላት ነው።

በመጀመሪያው ገጽ፣ በመጀመሪያው መስመር፣ መጋቢት 1985፣ የሮጡት ሁለት ብቻ ናቸው። «ወይዘሮ ፕሪቻርድ፣ 17።» ከሥር «ሊቀ ጳጳስ፣ 0።»

ክበቡን የመሠረቱት እነዚህ ናቸው። ስማቸውን ማወቅ ነው። ቀላል ነው አለች ታምሲን። አይ ሞኝነት።

*

ማክሰኞ የአባባ መርቭን ሠላሳ አንድ ደረጃ ወጣች። ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል፤ ግማሹ ታሽጓል። መርቭ ጆሮው ላይ የመስሚያ መሣሪያ አለ፤ ግን የሚሰማው የፈለገውን ነው። ከወንዙ ማዶ «ፓይ» ቢባል ይሰማል።

«አባባ መርቭ፣ ባጭሩ። ክበቡን ማን መሠረተው?»

«ሻይ ትጠጫለሽ?»

«አልጠጣም። ማን መሠረተው?»

«ወተት ያለቀ መሰለኝ።»

«ያለ ወተትማ አልጠጣም።»

«መጀመሪያም አልጠጣም አላልሽም እንዴ? ምን ትነጫነጪብኛለሽ?»

ታምሲን እስከ ዐሥር ቆጠረች። አራት ላይ አቋረጣት።

«መጀመሪያ ክበቡ የወፍ ተመልካቾች ማኅበር ነበር የሚባለው። ለማዘጋጃ ቤቱ እንደዚያ ብለን ነው ያስመዘገብነው። ሁለት እውነተኛ ወፍ ተመልካቾች መነጽር አንጠልጥለው መጡልሽ! አንደኛው አንዲት ወፍ ሳያይ ዘጠኝ ዓመት ሮጠ።»

«ይህን ልጻፈው?»

«አትጻፊው፤ ሚስቱ አለች።»

«የሰዓት መዝገቡስ የታለ? ሰዓት ያዡ የሚጽፈው?»

መርቭ ጆሮውን ነካካ። «አቃጠልኩት።»

«ምን?»

«ክረምት ነበር። ፖሊስ በር ላይ ቆሟል ሲሉኝ መዝገቡን ምድጃ ውስጥ ወረወርኩት። አምስት ዓመት ሙሉ የተጻፈ ነው።»

«እሺ፣ ፖሊሱስ?»

«ውሻ ጠፍቶበት ነው። አይታችኋል ወይ ሊለን።»

ታምሲን ግንባሯን ካርቶኑ ላይ አሳረፈች። ካርቶኑ ላይ «ድስቶች» ይላል።

«ሊቀ ጳጳሱ ማነው?» አለች ከዚያው ሳትነሣ።

«መዝገብ ላይ ማን ማን እንደሆነ አይጠየቅም፣ አይነገርም። ሕጋችን ነው።»

«አባባ መርቭ! ሕጉ የተሻረው እኮ እኔ ሳልወለድ ነው!»

ከዚያ መርቭ መስኮቱን ዘጋ፤ ለማን ብሎ እንደሆነ እንጃ።

«ሊቀ ጳጳሱ እኔ ነኝ።»

«ወይዘሮ ፕሪቻርድስ?»

«ራስል ነው።»

ራስልን ታምሲን በፎቶ ታውቀዋለች። የዚንክ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ጢሙ በር የሚያህል፣ ጉልበቱን ከታመመ በኋላ የክበቡ ሰዓት ያዥ የነበረ። በ1993 ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ከመርቭ ጋር ዐሥራ አራት ዓመት አንድ ቤት ኖረዋል።

«ፕሪቻርድ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪው ነበረች» አለ መርቭ። «አንተ ለምንም አትሆንም ያለችው። ዕድሜዋን ሙሉ ከወንበር ተነሥታ የማታውቀውን ሴትዮ በየእሑዱ ዳገት አስወጣኋት ይል ነበር።» ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። «ሲሞት እህቱ ከበርኒ መጣች። ልብሱን፣ ወረቀቱን፣ የገበያ ዝርዝሩን ሳይቀር በሁለት ሻንጣ ጠቅልላ ወሰደች። ቀብሩ ላይ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ጎረቤት ነው ተባልኩ። ጋዜጣው ‹ሳያገባ የኖረ› አለ። እዪ፣ የእሱና የእኔ ስም አንድ ላይ የተጻፈበት ወረቀት በዚህ ዓለም ላይ የለም። ያለው ያ መዝገብ ብቻ ነው። እዚያም ላይ እሱ ወይዘሮ፣ እኔ ጳጳስ። ሰኞ እሄዳለሁ። ከመሄዴ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ እንጨት ላይ፣ በስማችን አጠገብ ላጠገብ ልየን።»

ታምሲን ዐይኗን ቆጠቆጣት፤ በዚህም ተናደደች። ሻይ እምቢ ብላ የመጣች ሰው ልታለቅስ ነው እንዴ?

«ታዲያ እስከ ዛሬ አፍህን ምን ዘጋው?»

«ቃል ገብቼ ነው።»

«ለማን?»

መርቭ ጆሮውን ነካካ። መስማት አቆመ።

*

ይህ ረቡዕ ጠዋት ያለቀ ጉዳይ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት አክስት ኖሊን ሰማች።

ኖሊን ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድታለች። ስታወራም እንደ አውቶቡስ ናት፤ ፌርማታዋ ካልደረሰ አትቆምም። ክበቡ ውስጥ ከሴቶች ሁሉ ረጅም ዘመን የቆየችው እሷ ናት፤ አሁን ሰዓት ያዡም እሷ ናት። ታምሲንን ከዳቦ ቤቱ ጓሮ፣ ከዱቄት ጆንያዎች መሃል አገኘቻት።

«ወይዘሮ ፕሪቻርድ ወንድ ናት አሉሽ?»

«አባባ መርቭ ነው ያለው።»

«መርቭ የሰዓት መዝገብ ለውሻ ብሎ ያቃጠለ ሰው ነው! ስሚኝ አንቺ ልጅ። በ1988 ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሦስት እሑድ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አየኋቸው፤ አልወረድኩም። አራተኛው እሑድ ወረድኩ። ዐሥራ አንድ ወንድ! ሁሉም ባጭር ቁምጣ! ወደ መኪናዬ ዞርኩ። ዘወር ስል መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተገልጧል። ‹ወይዘሮ ፕሪቻርድ› ይላል፤ ባለፈው ሳምንት፣ ከዚያም በፊት፣ ከዚያም በፊት። ሴት አለች ማለት ነው አልኩ። አንድ ካለች ሁለተኛ እሆናለሁ፤ አንደኛ መሆን ነው እንጂ የሚያስፈራው። ‹የት ናት?› ብል ‹ጉልበቷን አሟት ነው፣ ትመጣለች› አሉኝ። ይኸው ሠላሳ ሰባት ዓመት እየጠበቅኳት ነው።»

«አልመጣችም እኮ፣ አክስቴ። ይሄ ትንሽ አያጠራጥርም?»

«ባሏ አውቆባት ይሆናል! ባሕር ተሻግራ ዋናው አገር ሄዳ ይሆናል! በየዓመቱ ብርጭቆ አነሣላታለሁ። የሴቶቹ ዋንጫ በስሟ ነው። እናቶችሽ የተዋወቁት ለማን ዋንጫ ሲሽቀዳደሙ ነው? ለፕሪቻርድ ዋንጫ! እሷ ባትኖር አንቺም የለሽም። አሁን ወንዶቹ ሁሉን ወስደው ወስደው፣ የቀረችንን አንዲት መስመር ሊወስዱ ነው?»

አውቶቡሱ ሄደ። ታምሲን ዱቄት ላይ ተቀመጠች።

የመርቭን ካመነች የኖሊንን ትቀማለች። የኖሊንን ከጻፈች መርቭ ሰኞ ባዶ እጁን ይሄዳል። እንጨቱ ደግሞ አይፋቅም። ዐሥራ ሁለት መስመር ብቻ አላት ያ ጥርስ ነቃይ!

*

ዓርብ ኮሚቴው መጠለያው ሥር ተሰበሰበ። የሐምሌ ብርድ ነው፤ ተራራው በረዶ ለብሷል፣ ሁሉም አፍንጫው ቀልቷል። መርቭ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጥቷል። ኖሊን ማዶ ተቀምጣለች። ታምሲን መዝገቡን ታቅፋ መሃል ናት።

«ማስረጃ ከሌለ» አለ ፈርገስ፣ «መዝገቡ እንዳለው ይጻፋል። ወይዘሮ ፕሪቻርድ እና ሊቀ ጳጳስ። ታሪክ በወሬ አይጻፍም።»

«እኔ ወሬ ነኝ?» አለ መርቭ።

«አንተን አይደለም፣ የምትለውን ነው።»

«እኔ ከምለው ሌላ የት አለሁ?»

«እሺ እሺ፣ አንዴ!» አለች ታምሲን። «ሁላችሁም ለአንዴ ዝም በሉ!»

ዝም አሉ። ሽማግሌ ሁሉ በሕፃን ሲጮህበት እንዲህ ዝም እንደሚል ብታውቅ ቀድማ ትጮህ ነበር።

መዝገቡን ገለጠችላቸው። «እኔ ፊደል ነው ሥራዬ። ይህቺን ሰባት እዩዋት። ወይዘሮ ፕሪቻርድ ሰባትን ወገቧ ላይ በአግድም ጭረት፣ እንደ ቀበቶ፣ ታስራታለች፣ እግሯን ደግሞ እንደ አሳማ ጅራት ትጠቀልላታለች። መዝገቡን ሙሉ አየሁት፤ እንዲህ የሚጽፍ ሌላ ሰው የለም። ራስል የጻፈው አንድ ነገር፣ አንድ ሰባት ብቻ፣ ያለው ሰው አለ?»

«ቀበቶውን ከፋብሪካው ፖላንዳዊ አለቃ ነው የተማረው» አለ መርቭ። «ጅራቱን የጨመረው እሱ ራሱ ነው።» ብርድ ልብሱን ሳበ። «እህቱ ሁሉን ወሰደች። የቀረውን እኔ በእጄ አቃጠልኩ። እኔ ቂል!»

«የቅድሚያ ወረቀቶቹስ?» አለ ፈርገስ። «ራስል ሰዓት ያዥ አልነበረም እንዴ?»

«ብጣሽ ወረቀት ማን ያስቀምጣል? ሩጫው ሲያልቅ በላብ ይበሰብስ ነበር።»

ኖሊን አልተናገረችም። ይህ ራሱ የሚያስደነግጥ ነው። እጇን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከትታለች፤ ፊቷ የሆነ ነገር እንደዋጠ ሰው ሆኗል። በመጨረሻ ጠየቀች፤ ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ታምሲን ዞር ብላ አየቻት።

«መርቭ። እውነት ከሆነ፣ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

መርቭ የመስሚያ መሣሪያውን ሊነካ እጁን አነሣ። ታምሲን እጁን ያዘችው። «ዛሬ ትሰማለህ» አለችው።

«ራስል ነው የከለከለኝ» አለ መርቭ። «የመጣሽ ቀን። መዝገቡ ላይ እንዳፈጠጥሽ አየ። ‹ይህቺ ልጅ ሴት የለም ካልናት መኪናዋ ውስጥ ትገባና አትመለስም› አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን ስም አልጻፈም። ‹ትጠብቃት› አለ። ‹እስክትለምደን ትጠብቃት።› ቃል አስገባኝ። ስትለምጂን እሱ ሞተ። ቃሉን ማን ይፍታልኝ?»

ኖሊን ተነሥታ ሄደች። የመኪናዋን በር የዘጋችበት ድምፅ ዳገቱን ወጥቶ ተመለሰ።

«እንግዲህ» አለ ፈርገስ፣ «መዝገቡ እንዳለው ነው።»

ታምሲን ብሩሿን በጥርሷ ነክሳ ያዘች። ካልነከሰች የምትለውን ታውቃለች።

*

ቅዳሜ ዳቦ ቤቱ ሳይከፈት በሩ ተደበደበ። ኖሊን ናት። ዐይኖቿ አብጠዋል፤ ጠጉሯ ከትናንት ጀምሮ ማበጠሪያ አላየም።

«ዝግ ነን» አለች ታምሲን።

«ዝም በይ።»

ከመንጃ ፈቃድ ቦርሳዋ አንዲት የጣት ርዝመት ያላት ወረቀት አወጣች። ቢጫ ሆናለች፤ በግልጽ ፕላስተር ከፊትም ከኋላም ተለብጣለች። ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እጇን ሳታነሣ ትንሽ ቆየች። ከዚያ አነሣች።

«7» ይላል። ወገቧ በቀበቶ ታስሯል። እግሯ እንደ አሳማ ጅራት ተጠቅልሏል። ከሥሯ፦ «ቀስ በይ። እንጠብቅሻለን።»

«የመጀመሪያ ቀን ቅድሚያዬ ናት» አለች ኖሊን። «ራስል ነው የሰጠኝ፤ ዐይኔ እያየ፣ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፋት። ሠላሳ ዓመት ከመንጃ ፈቃዴ ጋር አውቶቡስ ነድታለች። ትናንት አንቺ ስለ ሰባቱ ስታወሪ ኪሴ ውስጥ እጄን አቃጠለችኝ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ፈነዳች። «አንድ ጢማም የዚንክ ሠራተኛ! ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ! በየዓመቱ ቆሜ ብርጭቆ ሳነሣ ያ ሰውዬ አጠገቤ ቆሞ ከእኔ ጋር ‹ለወይዘሮ ፕሪቻርድ!› እያለ ይጠጣ ነበር! ለራሱ! ባይሞት ኖሮ ዛሬ እኔ ነበርኩ የምገድለው።»

«አክስቴ፣ ወረቀቷን መደበቅ ትችዪ ነበር እኮ።»

«አሰብኩት። ምን ታስቢኛለሽ፣ ጻድቅ? ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩት።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ግን ‹እንጠብቅሻለን› ይላል። ጠበቀኝ። ታውቂያለሽ ለምን ሁላችን ባንድ ጊዜ እንድንደርስ እንደሚያደርጉን? ዱርዬዎች መኪና ማቆሚያው ጋ ያደፍጡ ነበር። ብቻውን ወደ መኪናው የሚሄድ እንዳይኖር ነው። ያንን ሒሳብ የፈጠረው ራስል ነው። እና መርቭ ብቻውን ይሂድ? ሰኞ? እንደ ጎረቤት?»

ታምሲን ወረቀቷን አየች፣ ኖሊንን አየች። አንድ ነገር ከቅድም ጀምሮ አፏ ጫፍ ላይ ደርሷል።

«እሺ፣ ወይዘሮ ፕሪቻርድ ሴት ካልነበረች፣ የክበቡ የመጀመሪያዋ ሴት ማናት?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እኔ ሁለተኛ ነ...»

አውቶቡሱ ያለ ፌርማታ ቆመ።

«ከማን ሁለተኛ?» አለች ታምሲን።

ኖሊን መስኮቱን አየች። «ወይ ጉድ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «አላወቅኩም እንጂ ባውቅ ከመኪናው አልወርድም ነበር።»

«እሱም ያለው ይህንኑ ነው።»

«ዋንጫው ግን ስሙ አይነካም! ያቺ ሴትዮ ዳገት ወጥታለች።»

«ማን ነካው?»

«ፓይ ስጪኝ። የትናንቱን አይደለም።»

ታምሲን የወረቀቷን ፎቶ ከመዝገቡ ገጽ ጋር አጠገብ ላጠገብ አድርጋ ለፈርገስ ላከች። መልሱ በደቂቃ መጣ፦ «ይህ ማስረጃ ነው። አጽድቄያለሁ። ፊደል እንዳትገድፊ።» ስልኩን ዱቄት ውስጥ ልትቀብረው ምንም አልቀራትም።

ከሰዓት በኋላ መጠለያው ሥር ተንበርክካ ጻፈች።

*

እሑድ ሁለት ሰዓት ላይ የክበቡ ሰዎች ኮረብታው ላይ ተሰበሰቡ። መርቭ ግን ቀድሞ ሄዷል። ኖሊን አምሳ ሁለት ደቂቃ ቅድሚያ ሰጥታው፣ ሁሉም ገና ጫማውን ሳያስር ከዘራውን ይዞ ብቻውን ተነሥቷል። «ይህ ስድብ ነው፣ አርባ አምስት ይበቃኛል» ብሎ ሲጨቃጨቅ ሰባቱን ደቂቃ እዚያው ጨረሰው።

ታምሲን መጨረሻው መስመር ላይ ቆመች። መጀመሪያ የመርቭ ቢጫ ኮፍያ ብቅ አለ፤ ከኋላው የሃምሳ ሰው ጫማ ኮቴ። ሊያልፉት ይችሉ ነበር። እናቶቿ ሊያልፉት ይችሉ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ያለ ኀፍረት ሕፃን ገፍትረው የሚያልፉ ሴቶች ናቸው። ሁሉም እየተንፏቀቁ፣ እየተራገሙ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ እግርህን አንሣ!» እያሉ ከጀርባው ተደረደሩ። መስመሩን ባንድ ላይ ረገጡት። ፈርገስ ብቻ ጫማው ተፈትቶ ወደቀ። ደግ አደረገው።

ከዚያ ጨርቁ ተነሣ።

«ታምሲን» አለ ፈርገስ ጉልበቱን እያሻሸ፣ «እዚህ ሰባቷ ላይ መስመር አምልጦሽ...»

ኖሊን እግሩን ረገጠችው።

መርቭ ሰሌዳውን አፍጥጦ አየ። «መነጽሬን ካርቶን ውስጥ አሽጌዋለሁ» አለ። «‹ድስቶች› የሚለው ውስጥ። አንብቢልኝ።»

ታምሲን ተነፈሰች። ስድሳ ሰው እያየ ማንበብ! አነበበች።

«በ1985፣ ራስል ታይዲ እና መርቭ ኦክሊ፣ አብረው የኖሩ፣ ይህን ክበብ አብረው ጀመሩ። ራስል ወይዘሮ ፕሪቻርድ ተብሎ ሮጠ፤ ቅድሚያው 17 ደቂቃ ነበር። በ1988፣ ኖሊን ከመኪናዋ ወረደች፤ የመጀመሪያዋ ሴት።»

ከታች ከወንዙ የጀልባ ጡሩምባ ተሰማ።

«አልሰማሁም» አለ መርቭ። «ድገሚው።»

ደገመችው። ከፍ አድርጋ።

«መጀመሪያውን ብቻ። ስሞቹ ጋ።»

«‹ራስል ታይዲ እና መርቭ ኦክሊ፣ አብረው የኖሩ።› አባባ መርቭ፣ ሰምተኸኛል!»

«ይህ መሣሪያ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለ። እጁን ዘርግቶ እንጨቱን ነካ፤ ጣቱ ቀለሟን እየተከተለች ሄዳ ባለ ቀበቶዋ ሰባት ላይ ቆመች። ጅራቷን ዞረቻት። «እንደገና፣ የኔ ልጅ። ቀስ ብለሽ።»

ከመጠለያው ማዶ፣ ከመኪናዎቹ አጠገብ፣ ከታምሲን እናቶች አንዷ ሣጥን ከፍታ ለጓደኛዋ በሹክሹክታ «ፓዩ ደርሷል» አለች።

መርቭ ራሱን ወደዚያ አዞረ። «ለእኔ ሁለት አስቀምጡልኝ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ተመለሰና ጆሮውን በእጁ ደገፈ።

ታምሲን ወደ ሰማይ አየች፣ ወደ እናቶቿ አየች። ማንም አላዳናትም። ለአራተኛ ጊዜ አነበበችለት።